ያልከፈትኩት ሜዳ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ ደግ ሆኖብኛል። ፍራንክፈርት፣ ፕሮይንገስሃይም ሰፈር ባለው ትምህርት ቤት የጽዳት ሥራዬን የጨረስኩ ዕለት አለቃዬ አበባ ሰጠችኝ። ስሜን አንድም ቀን አስተካክላ ጠርታው የማታውቅ ሴት ናት። "እንግዲህ ይረፉ" አለችኝ። ከምን እንደማርፍ አልጠየቅኳትም። ጽዳት ሙያዬ አልነበረም፤ ጽዳት የገባሁት ሙያዬን ከተቀማሁ በኋላ ነው። እኔ ፕላትስቫርት ነበርኩ። የኳስ ሜዳ ኃላፊ ማለት ነው። ሣሩን የሚያበቅል፣ መስመሩን የሚያሰምር፣ ሜዳው መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚወስን ሰው ነው። የኛ ሰዎች "ዘበኛ ነበረች" ይላሉ። ይበሉ።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በፍራንክፈርት ሐበሾች ዘንድ ስለ እኔ የሚወራ ወሬ ነው። ስድብ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር፤ ስድብ ለምጃለሁ። ወሬው ግን ምስጋና ነው። "ለተብርሃን እኮ ለሞተው እንግሊዛዊ ልጅ ብላ፣ ሥራዋን እስክታጣ ድረስ፣ የተዘጋ ሜዳ የከፈተች ደግ ሴት ናት" ይላሉ። አልከፈትኩም። ደግም አይደለሁም።

ትግርኛ የእናቴ ቋንቋ ነው። አባቴ ለሥራ ደሴ ወስዶን ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ስለሆነ ግን በአማርኛ እጽፋለሁ። ቅር የሚለው ካለ ለአባቴ መቃብር ይንገር። ስለ ባሌና ስለ ልጆቼ አልጽፍም፤ እሱ የሰው ጉዳይ አይደለም። እንግሊዝኛ የተማርኩት አስመራ፣ የአሜሪካኖች ልብስ ማጠቢያ ቤት ስሠራ ነው። እዚህም መጥቼ መጀመሪያ የገባሁት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ነው። ከዚያ ዞሰንሃይም ዳር ወዳለው የከተማው ሜዳ ተዛወርኩ፤ የተጫዋቾቹን ልብስ መቀየሪያ እንዳጸዳ። ደመወዙ ከሆቴሉ ያነሰ ነበር። ነገር ግን መስኮት ነበረው።

በዚያ መስኮት ነው ሄር ክሬመርን ማየት የጀመርኩት። ሄር በነሱ አቶ ማለት ነው። የሜዳው ፕላትስቫርት ነበሩ፤ ልባቸው የታመመ፣ ንግግር የማይወዱ ሽማግሌ። ጠዋት ጠዋት ሜዳውን ዳር እስከ ዳር ይዞሩታል፤ ጫማቸው ሶሉ ያለቀ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። አንድ ቀን አዝኜላቸው "አዲስ ጫማ ይግዙ እንጂ" አልኳቸው። "በወፍራም ጫማ ምኑ ይሰማኛል?" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አብሬያቸው መዞር ጀመርኩ። የጠራኝ የለም፤ የከለከለኝም የለም።

ያስተማሩኝን ሁሉ ያስተማሩኝ በዚያ ዙረት ነው። ረጅም ካቻቢቴ ከኪሳቸው አይለይም። መሬቱ ላይ ይወጉታል፤ ምን ያህል እንደገባ፣ ሲወጣ ምን ይዞ እንደወጣ ያያሉ። ጭቃ ይዞ ከወጣ ይዘጋል። ንጹሕ ከወጣ ይከፈታል። ሣር የሚታጨደው ጤዛው ረግፎ ነው፤ በጤዛ ከታጨደ ጫፉ ይቆስላል። መስመር ሲሰመር መጀመሪያ ሲባጎ ይወጠራል፤ ከዚያ የኖራውን ጋሪ ስገፋ "ጎማውን አይዩ፤ የሚደርሱበትን ባንዲራ ይዩ" ይሉኝ ነበር። ጎማውን እያየሁ ያሰመርኩትን የመጀመሪያ መስመር አይተው "እባብ ነው" አሉና ራሳቸው አጠፉት። የበሩንና የመዝጊያዎቹን ማጠፊያ ወር በወር ግራሶ ይቀቡ ነበር፤ በር የሚጮኸው ባለቤት ሲያጣ ነው ይላሉ።

ከሁሉ የገረመኝ ሜዳ ሲዘጉ የሚያደርጉት ነው። ቀይዋን "ገሽፔርት" የሚል ሰሌዳ ያንጠለጥላሉ፤ ዝግ ነው ማለት ነው። ከዚያ ቤታቸው ገብተው መጋረጃ ይጋርዳሉ። አሠልጣኝ ይመጣል፣ አባት ይመጣል፣ ያንኳኳል፣ ይሳደባል። አይወጡም። "ለምን ምክንያቱን አይነግሯቸውም?" አልኳቸው። "ምክንያት ከሰጧቸው ይከራከሩዎታል" አሉ። ጡረታ ሲወጡ ለከተማው አስተዳደር ሰዎች "ሌላ ሰው አትፈልጉ፤ እሷ አለች" አሏቸው። ሴት ነች፣ ደግሞም ውጭ አገር ሰው ነች ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ሄር ክሬመር መልስ አልሰጡም፤ መጋረጃ ነው የጋረዱባቸው። ቁልፉን ሲሰጡኝ "መክፈት ማንም ይችላል። የሚከፍሉዎት ለመዝጋት ነው" አሉኝ። ከሥራው ጋር በሜዳው ጥግ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት አብራ ትሰጣለች። ደጃፏ ላይ ጎመን ተከልኩ። በዚህ አገር የኔ ያልኩት መሬት እሱ ብቻ ነው።

እንግሊዞቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በፈረንጆች ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ፍራንክፈርት ውስጥ ፎቅ እንደ እንጉዳይ ይበቅል ነበር፤ ግንበኛውና የብረት መወጣጫ ሠራተኛው ብዙው እንግሊዝ ነው። ኦስትኤንድ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ስምንት ሆነው ያድራሉ። እሑድ እሑድ ከመጠጥ ሌላ የሚሠሩት ስላጡ ክለብ አቋቋሙ። በመጨረሻው ዲቪዚዮን ይጫወታሉ፤ ሲሸነፉ ይዘፍናሉ፣ ሲያሸንፉም ያንኑ ዘፈን ይዘፍናሉ። ከተማው የኔን ሜዳ ከሁለት የጀርመን ታዳጊ ቡድኖች ጋር እንዲካፈሉ ሰጣቸው። ቋንቋቸውን ስለማውቅ በዕረፍት ሰዓት ሻይ በትልቅ ማንቆርቆሪያ አፈላላቸው ነበር። ሥራዬ አልነበረም። ስሜን አሳጥረው ሌቲ አሉኝ፤ ዛሬ የክለባቸውን ታሪክ ሲያወሩም "ሻይ የምታፈላው ሌቲ" ይሉኛል። ኖራውን ሳይሆን ሻዩን ነው ያዩት።

ሊቀ መንበራቸው ዴሪክ ነው፤ የመወጣጫ ሠራተኞች ፎርማን። ያገኛትን ሴት ሁሉ "የኔ ፍቅር" ይላል፤ ያገራቸው ልማድ ነው አሉ።

"ሌቲ፣ የኔ ፍቅር፣ ሻይ አለ?"

"ፍቅርህን አገርህ ፈልጋት። እኔ ፕላትስቫርት ነኝ።"

ይስቃል። ሁሉም ይስቃሉ። ከሐበሻ ከእነሱ ጋር የሚጫወት አንድ ተስፋይ ብቻ ነበር፤ የከረን ልጅ፣ ግራ ክንፍ፣ ዴሪክ ራሱ ግንባታ ሥራ ያስቀጠረው። በየሳምንቱ እንጀራ እልክለት ነበር፤ "እትዬ" ይለኛል፤ እንደ ታናሽ ወንድም አየው ነበር። ይህን የጻፍኩት እንዲያነበው ነው።

በረኛቸው ቢሊ ይባል ነበር። ቀይ፣ ፊቱ ጠቃጠቆ የበዛበት፣ ኳስ ሲስት ራሱን የሚሳደብ ልጅ። የበረዶው ወራት ሊያልቅ ሲል ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ሞተ። አባቱ ሬሳውን ሊወስዱ ከእንግሊዝ መጡ። አናጢ ናቸው፤ እጃቸው ትልልቅ፣ አንገታቸው ላይ ለብሰውት የማያውቁት ዓይነት ጥቁር ክራባት። ቅዳሜ ዕለት ጓደኞቹ ሜዳው አጠገብ ባለችው የክለብ ክፍል ተሰበሰቡ። እኔም እንደ ወጋችን ዳቦና ምስር ይዤ ለቅሶ ደረስኩ። የሚያለቅስ የለም። ቢራ ይዘው የቢሊን ቀልድ እያወሩ ይስቃሉ። አባትየው ጥግ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ እጃቸውን እጄ ላይ አሳረፉ።

ዴሪክ መጣ። "ነገ ለቢሊ እንጫወታለን፤ ሣሩ ላይ" አለ።

"ሣሩ ዝግ ነው።"

"ሌቲ፣ ልጁ ሞቷል እኮ።"

መጋረጃዬን መጋረድ ነበረብኝ። ግን ለቅሶ ቤት ነው፤ ለሐዘንተኛ ፊት አይነሣም። ስለዚህ ምክንያት ሰጠሁ። ውጭ አወጣሁትና ካቻቢቴውን መሬት ላይ ወጋሁት፤ ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ድንጋይ እንደነካ ቆመ። "ከላይ ቀልጧል፤ ከሥር ገና በረዶ ነው" አልኩት። "እንዲህ ሲሆን ሣሩ ሥር የሚይዝበት የለውም። ባለ ብረት ጫማ ሃያ ሁለት ሰው ከዞረበት እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል። ሥሩ ከተቆረጠ እስከ በጋው አይመለስም። አጠገቡ ያለው ቀይ ጠጠር ሜዳ አለ፤ አዲስ መስመር አሰምርላችኋለሁ። ባንዲራዎቹ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስራለሁ።"

"ቢሊን ጠጠር ላይ አንሸኘውም።"

አባትየው ተከትለውን ወጥተው ኖሮ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ዴሪክ ነገራቸው። መሬቱን ተመለከቱ፤ ካቻቢቴውን ተመለከቱ። "የቤቱ ባለቤት እሷ ናት፤ እንዳለችው ይሁን" አሉ። በኛ ዘንድ የሐዘኑ ባለቤት፣ ያውም ሽማግሌ፣ ከተናገረ ነገሩ ተቆረጠ ማለት ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ የጠጠሩን ሜዳ አሰመርኩ። ሲባጎው እንደ ክራር ክር እስኪጮኽ ወጠርኩት። ያሰመርኩት የመጨረሻ መስመር እሱ ነው። ቀጥ ያለ ነበር።

እሑድ በሩን ቆልፌ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅዳሴ ወጥቼ ስመለስ ሜዳ የለም። የታረሰ ማሳ ነው ያየሁት። ሣሩ በጥቅልል ተገሽልጦ ጎል አፍ ላይ ተቆልሏል፤ የተከደነው በረዶ ወጥቶ ውኃ ቋጥሯል። የጠጠሩን ሜዳ አንድ ሰው አልረገጠውም። ጋን ቁልፉ እንደ ቆለፍኩት በቦታው አለ። በሩን ስከፍተው ግን መሬት ፋቀ፤ ፍቆ አያውቅም። ማጠፊያዎቹን አየሁ፤ ባለፈው ሳምንት የቀባሁት ግራሶ ተጠርጓል፤ በሩ ላይ በግራሶ የጠቆሩ ጣቶች አሻራ ተሰልፏል። መወጣጫ ሲያቆሙና ሲነቅሉ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ቁልፍ አይሰብሩም። በሩን ከነቁልፉ ከማጠፊያው ላይ ወደ ላይ አንሥተው ገብተው፣ ሲወጡ መልሰው ሰቅለውታል።

ተስፋይ ባንዲራዎቹን እየሰበሰበ ነበር።

"በሬን ማን ነቀለው?"

"እትዬ፣ አራት ሆነን አነሣነው። ዴሪክ ያዝ አለኝ፤ ምን ላድርግ?"

"እምቢ ማለት አስመራም ከረንም ይታወቃል መሰለኝ።"

"እንጀራዬ እኮ በሱ እጅ ነው።"

"እንጀራህስ በኔ እጅ ነው የተጋገረው።"

ባንዲራዎቹን መሰብሰቡን ቀጠለ።

ሰኞ የከተማው ሰው መጣ። ሜዳውን አየና ፊቱ ነጣ። የታዳጊዎቹ ቡድኖች እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ ሜዳ አጥተዋል። ቁልፉን መረመረ፤ አልተሰበረም። "ሌላ ቁልፍ አለ?" አለኝ። "የለም" አልኩ፤ የለም ነበርና። ዴሪክና ተስፋይ ከቢሊ አባት ጋር የልጁን ጓንትና ልብስ ሊወስዱ መጥተው እዚያው ቆመው ነበር። ዴሪክ በተሰባበረ ጀርመንኛው ቀደመኝ። "ለሐዘኑ ብላ ነው የከፈተችልን። ጥሩ ሴት ናት፤ አይፍረዱባት" አለ። እንደ ጠበቃ ቆመልኝ እኮ! አባትየው ጀርመንኛ አይሰሙም። ስለ እኔ እንደሚወራ ግን ገባቸው፤ ወደ እኔ መጡ፤ በሁለት እጃቸው እጄን ይዘው "አመሰግናለሁ፤ መቼም አልረሳውም" አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የከተማው ሰው ይህን አየ። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈልጋል?

በዚያች ሰዓት "አልከፈትኩም፤ ሰብረው ነው" ማለት እችል ነበር። እንዲህ ካልኩ ግን የልጃቸው መሸኛ የሌባ ሥራ እንደ ነበር በፊታቸው መናገሬ ነው። በማግስቱ ሬሳ ይዘው ሊሄዱ ነው። እኔ ያደግሁት ለቅሶ ቤት ክስ በማይነሣበት አገር ነው። ዝም አልኩ።

ደብዳቤው ወዲያው ደረሰ። ከሥራ ተሰናብቻለሁ፤ ቤቱንም እለቃለሁ፤ ቅሬታ ካለኝ ፍሪስቱ፣ ማለትም የማመልከቻ ጊዜው፣ አንድ ወር ነው። ተስፋይ በዚያው ሳምንት ቤቴ መጣ። ቆሞ ነው ያናገረኝ።

"እትዬ፣ አሁን አይናገሩ። አባትየው ገና ልጃቸውን መቅበራቸው ነው፤ ነገሩ ጆሯቸው ይደርሳል። አርባው ይውጣ። አርባው ሲወጣ እኔ ራሴ አብሬዎት ሄጄ እመሰክራለሁ።"

"ማል።"

"ማርያምን።"

ትክክል ነው ያለው። እናቴም ብትኖር ይህንኑ ትለኝ ነበር። በአርባው ውስጥ ከሐዘንተኛ ጋር አይካሰሱም። ስለዚህ ጠበቅሁ። አርባው የወጣ ዕለት ለራሴ ብቻ ሻማ አብርቼ ስለ ቢሊ ጸለይኩ፤ ከዚያ ከተማው ቢሮ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ አስያዝኩ። ተስፋይ አልመጣም። ሺፍት አለኝ አለ። ብቻዬን ሄድኩ። የከተማው ሰው ሁሉንም ሰማኝ።

"ፍሪስቱ አልፏል" አለ። "ይህን ያኔ ለምን አልተናገሩም?"

"ሐዘን ነበር።"

"ሟቹ ዘመድዎ ነበር?"

"አልነበረም።"

ፋይሉን ዘጋው። ሞኝ ነሽ የሚሉኝ አሉ። እንደገና ቢሆን ምን ታደርጊ ነበር የሚሉኝም አሉ። ሄር ክሬመርን ልጠይቃቸው አልሄድኩም። ሆስፒታል ነበሩ፤ ሜዳው እንደተበላሸ ሰምተው እንደሆነ ግን ጠይቄ ነበር። ሰምተዋል አሉኝ። ማን ከፈተው እንደተባሉ ስለማውቅ እግሬ እምቢ አለኝ። እዚያው ሞቱ። ቤቱ ሄደ፣ ሥራው ሄደ፤ ያ ግን ከሁሉ ይብሳል።

ክለቡም አልኖረም። ከተማው ሜዳውን ከለከላቸው፤ በየሰው ሜዳ እየለመኑ ትንሽ ተንከራተቱ። በርሊን ትልቁ ግንባታ ሲጀመር ብዙዎቹ ከዴሪክ ጋር ወደዚያ ሄዱ። አንድ እሑድ ሰባት ሰው ብቻ መጣና ዳኛው ወደ ቤታቸው መለሳቸው፤ ከዚያ ወዲህ የተጫወቱ የለም። መረባቸውንና ማሊያቸውን አንድ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ጨርቅ ማሰባሰቢያ ሰጠው አሉ። አላዘንኩም።

ባለፈው መጸው ተስፋይ ከስንት ዓመት በኋላ ደጄን አንኳኳ። ወፍሯል። የቀድሞ ተጫዋቾች ኦስትኤንድ አንድ ቢራ ቤት ተሰብስበው የክለባቸውን ታሪክ ሊጽፉ ነው፤ ዴሪክም መጥቷል፤ እኔም እንድገኝ ይፈልጋሉ።

"ሻይ የሚያፈላ አጡ?"

"እትዬ ደግሞ! ሊያከብሩዎት ነው። ስለ እርስዎ ሁልጊዜ ነው የሚያወሩት።"

"አውቃለሁ። ያንን ወሬ በሐበሻው መሐል ማን እንደሚያዛምተውም አውቃለሁ።"

"መጥፎ ነገር አልተናገርኩም።"

"እሱ ነው ችግሩ።"

ሄድኩ። ለመከበር አይደለም የሄድኩት። ሃያ የሚሆኑ፣ ፀጉራቸው የሳሳ ሰዎች በአራት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። የቢሊ አባትም ነበሩ፤ በጣም አርጅተዋል፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ሲያዩኝ ሊነሡ ሞከሩ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ እንደዚያን ቀን።

ዴሪክ ብርጭቆውን ይዞ ቆመ። ስለ ግቦቹ ተናገረ፤ ስለ ዘፈናቸው ተናገረ። ከዚያ "ሕጉን ሁሉ ወዲያ ጥላ ለቢሊ በሩን ለከፈተችልን ለሌቲ" አለ። ብርጭቆ ተነሣ፤ አጨበጨቡ።

ተነሣሁ። "አልከፈትኩም" አልኩ። "ዝግ ነው ብዬህ ነበር። እናንተ ናችሁ በሩን ነቅላችሁ የገባችሁት።"

አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ዴሪክም "ሌቲ፣ የኔ ፍቅር፣ ዛሬም ከተማውን ትፈሪያለሽ?" አለ። ያኔ ሁሉም ሳቁ።

የቢሊ አባት ክንዴን ነኩኝ። "ቁልፉን ረስተው ይዘውት ሄደው እኮ ነው" አሉኝ ቀስ ብለው፤ የረሳሁ መስሏቸው ሊያስታውሱኝ።

"ማን አለ?"

"ዴሪክ። ጠዋት መጥቶ፣ ሐሳቧን ቀይራ እሺ ብላናለች፤ ቁልፉን ግን ይዛው ቤተ ክርስቲያን ሄደች አለኝ። በሩን ስናነሣው አንዱን ጥግ የያዝኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ያመሰገንኩዎት ለዚያ ነው።"

ተስፋይን አየሁት። እሱም አንዱን ጥግ ይዞ ነበር፤ ይህን ሁሉ በጆሮው ሰምቶ ነበር። እኔ የኚህን ሰው ሐዘን እንዳልነካ አርባ ቀን አፌን ስይዝ፣ እሱ የማንን ውሸት እንደምጠብቅ ያውቅ ነበር። ጠረጴዛውን እያየ ነው።

"እምቢ ብያለሁ" አልኳቸው። "ሥራዬንም ቤቴንም ያጣሁት በዚያ ነው። ነግረውዎታል?"

"ጡረታ ወጣች ነው ያሉኝ።"

ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ይቅርታ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላሉኝም። ዴሪክንም አላዩትም። ወደ መጀመሪያው ጠረጴዛ ሄደው ጎንበስ አሉና "እምቢ ብላ ነበር" አሏቸው። ሰዎቹ ሳይገባቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ሁለተኛው ሄዱ። "እምቢ ብላ ነበር። እኔን ዋሹኝ።" ዴሪክ "ይቀመጡ እንጂ፣ ይተውት" ይላል። አይሰሙትም።

ካፖርቴን ለበስኩ። ተስፋይ ሊሸኘኝ ሲነሣ "ተቀመጥ" አልኩት፤ ተቀመጠ። ውጭ ያካፋ ነበር። የቢራ ቤቱ መስኮት ገርበብ ብሎ ስለነበር፣ መንገዱን እስክሻገር ድረስ ሽማግሌው አራተኛው ጠረጴዛ ዘንድ ደርሰው ያንኑ ሲደግሙት ይሰማኝ ነበር።